ስንዱ በጥቁር ቀለም

ከመጀመሪያው የተከተላችሁኝ ነገሬን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ገና የመጣችሁም አትቸገሩም፣ ታሪኩ አጭር ነው። ስሜ ስንዱ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፣ ሊዲ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ኦሮራ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት አለኝ፤ ግሪን ቫሊ ራንች ደግሞ ለሁለት ሰው የሚበዛ ቤት። ሥዕል እገዛለሁ፣ ለሀገሬ ሰዓሊዎችም ኤግዚቢሽን አዘጋጃለሁ። ለዚህ ውለታዬ የዴንቨር ሐበሻ «የሰዓሊዎች እናት» የሚል ስም አውጥቶልኛል። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የጎረምሳውም የሽበታሙም ሰዓሊ እናት መባል እንዴት ደስ እንደሚል ሴት አንባቢዎቼ ይፍረዱ።

ብዙነህ ግን አንድ ቀን እንኳ እናት ብሎኝ አያውቅም። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የኅትመት ሙያ ተምሮ፣ ዴንቨር መጥቶ የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ሰው ነው። ከላውንደሪው ሲወጣ ካፒቶል ሂል ባለችው ምድር ቤቱ ይገባና እንጨት ይፈለፍላል። ሰሌዳ ላይ ፊት ይቀርጻል፣ ሰሌዳውን ጥቁር ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ያለብሰዋል፣ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ደጋግሞ ያሸዋል። ማተሚያ ማሽን የለውም። ወረቀቱ ሲነሳ የሚወጣው ፊት ለመታወቂያ የሚሆን ፊት አይደለም። አንዱ ዓይን ከሌላው ይበልጣል፣ አፍ ይጣመማል፣ ሰውየው በውስጡ የደበቀው ሁሉ ላዩ ላይ ይወጣል። የተማሩት ኤክስፕሬሽኒዝም ይሉታል። የቸርቻችን ሰዎች ደግሞ «ይሄ ልጅ ሰላም የለውም፣ ይጸለይለት» ይላሉ።

የእኔን ምስል ሊሠራ የጠየቀኝ እሱ ነው። ከመስከረም ጀምሮ እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው እሁድ ድንገት «ቀለበቶቹን አውልቂያቸው» አለኝ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። አወለቅኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው፤ እጄን ደግሞ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እሱ ግን እጄን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እንደገና እጄን አየ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው መኪናዬን፣ ልብሴንና ቤቴን ሲያይ ነው የኖርኩት። እኔን የሚያይ ዓይን ስላጣሁ እንግዳ ሆነብኝ፣ ከዚያ ለመድኩት፣ ከዚያ እሁድ እስኪደርስ መጠበቅ አቃተኝ።

ወደድኩት። እሱም እንደወደደኝ መፈልፈያውን አስቀምጦ ዝም ሲል አውቅ ነበር። ቃሏን ግን ሁለታችንም አልተነፈስናትም። እሱ በእኔ ደጋፊነት ሥራውን ሊያሳይ የተቃረበ ሰው ነውና አፉን መክፈት አፈረ። እኔ ደግሞ «ስንዱ ከአንሶላ አጣቢ ጋር» መባልን ፈራሁ። ይሄን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

በመጨረሻው እሁድ፣ አልበከርኪ ያለ አንድ የኅትመት ወርክሾፕ ሥራ እንደሰጠው ነገረኝ። «እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋሉ» አለ። ቅዳሜ ደግሞ የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ነው። ከዚያ መፈልፈያውን በጨርቅ እየጠረገ፣ ቀና ሳይል፣ «እዚህ የሚያቆየኝ ነገር ካለ እቀራለሁ» አለኝ።

ጓንቴን ሳጠልቅ ብዙ ጊዜ ፈጀሁ። ጣቶቼ ሁሉ ቦታቸውን ያዙ፣ ቃሉ ግን ሳይወጣ ቀረ፤ ደረጃውንም ይዤው ወጣሁ።

*

በፈረንጆች 2007 የገባበት ክረምት ነው፤ የገና ሰሞኑ በረዶ ገና መንገድ ዳር ተቆልሎ ጠቁሮ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ፍሬም የገቡትን ሥራዎች ወደ ጋለሪው ለመውሰድ ወደ ምድር ቤቱ ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ከሊል ነው፤ የመርካቶ ልጅ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ከብዙነህ ጋር ቤት የሚጋራ።

«ስንድዬ ግቢ፣ ግቢ፣ በረዶው እንዳይጥልሽ! ብዙነህ ሺፍት ገብቷል። ፍሬሞቹን በር ጋ ደርድሮልሻል፣ እኔ አወጣልሻለሁ። የት ነው ፓርክ ያደረግሽው?»

«የእሳት አደጋው ቧንቧ፣ ሃይድራንቱ አጠገብ።»

«የቅጣት ቲኬት ሳይለጥፉብሽ ቶሎ ልበል» ብሎ ሁለት ፍሬም ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። ብዙነህ ምስሌን ከቅዳሜ በፊት አላሳይሽም ብሎ ምሎ ነበር። ሴት ልጅ ደግሞ «አትዪ» ከተባለች ምን እንደምታደርግ ከሔዋን ጀምሮ የታወቀ ነው። ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄድኩ። ወረቀት የለም፤ ጨርቅ የተጣለበት ሰሌዳ ግን አለ። ጨርቁን ገለጥኩት።

በጥቁር ቀለም የተቀባ የሴት ፊት ነው። ግራ ጉንጬ ላይ ማርያም የሳመችኝ ነጥብ አለች፣ ጴንጤ ብሆንም ስሟን አልቀየርኩላትም። በእሷ አወቅኩት፤ እኔ ነኝ። እና ከግንባሬ ቀኝ እስከ አገጬ ግራ፣ ከግንባሬ ግራ እስከ አገጬ ቀኝ፣ ሁለት ጥልቅ ቁርጥ ተላልፈውበታል። አንደኛው ዓይኔን ሰንጥቆታል። ሁለተኛው አፌን ለሁለት ከፍሎታል። ቁርጡ ትኩስ ነው፣ እንጨቱ ከጥቁሩ መሐል እንደ አጥንት ነጥቷል። ፍቅፋቂው ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር።

መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሌሎቹን ሰሌዳዎች አየሁ። ጫማ ጠጋኙ፣ አሮጊቷ፣ የአውቶቡስ ተራ ጠባቂው ሁሉም ሙሉ ናቸው። ማንም አልነካቸውም። ከዚያ ሁሉ ፊት የተቆረጠው የእኔ ብቻ ነው።

ከሊል ተመልሶ ሲመጣ ጨርቁን መልሼ ነበር።

«ምነው ስንድዬ? አመመሽ እንዴ?»

«ብርድ ነው» አልኩት። ብርዱ ግን ከውጭ አልነበረም። መሪውን ይዤ መኪናው ውስጥ ስቀመጥ ጉንጬን ዳበስኩት፤ ደም ያለበት መስሎኝ ነበር።

*

ለምን እንደቆረጠኝ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አራት ቀን ወደ ኋላ መሄድ በቂ ነው።

ውድነህ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ፓርክ ሂል ይኖራል፣ የቸርቻችን ሽማግሌ ነው፣ አሜሪካ ስገባ ኤርፖርት የተቀበለኝም እሱ ነው። የዚያኑ እሁድ ምሳ ስለጠራን፣ ከምድር ቤቱ እንደወጣን ብዙነህን ይዤው ሄድኩ። ማዕዱ ቀርቦ ሰው ሲቀመጥ ብዙነህ ኮሪደሩ ላይ ካለው መታጠቢያ ገባ። ጥፍሩ ሥር ያለውን ቀለም ለማስለቀቅ ሁልጊዜ ብዙ ይቆያል። በሩን አልዘጋውም፣ የቧንቧው ድምፅ ይሰማል።

ጋሼ ድምፁን ሳይቀንስ «ስንዱ፣ ለመሆኑ ይሄ ሰው ምንሽ ነው?» አለኝ።

ሰባት ሰው አፍጥጦ አየኝ። ሁለቱ የቸርች ሽማግሌዎች ናቸው።

«ምንም» አልኩ። «የማግዘው ሰው ነው።»

ቧንቧው ቆመ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ብዙነህ ወጣ፣ ተቀመጠ፣ በላ፣ የቤቱን ባለቤት አመሰገነ። ወደ ቤቱ ስወስደው የኮልፋክስን ጎዳና ጨርሰን እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። ከመኪናው ሲወርድ ጎንበስ ብሎ «አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ስንዱ» አለኝ። በሩን እንኳ በቀስታ ነው የዘጋው።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ያን ሰሌዳ ሳይ ሌላ ትርጉም አልፈለግኩለትም። በቃል ለካደችው ሴት በብረት መለሰላት፤ ይሄው ነው። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ባውቅም ቁጣዬ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ባሰ። ቢሮዬ ገብቼ፣ የድርጅቴ ስም ራስጌው ላይ በታተመበት ወረቀት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ለአቶ ብዙነህ፣
ዛሬ ጠዋት ቤትህ ገብቼ ነበር። ያየሁትን አይቻለሁ። በልብህ እንደዚያ አድርገህ እንደምታየኝ ባውቅ ኖሮ ይሄን ሁሉ እሁድ ፊትህ አልቀመጥም ነበር። ሰው ስለተጠራ የቅዳሜው ፕሮግራም ይቀጥላል። የእኔ ምስል ግን እንዳይሰቀል። ከዚያ በኋላ ቤቴም ቢሮዬም አትምጣ። ስንዱ።»

ደብዳቤውን ላኩለትና ስልኬን ዘጋሁ። ዓርብ ከሰዓት ከሊል ቢሮዬ ድረስ መጣ። አንድ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ኮፍያውን አወለቀ።

«ስሚ ስንድዬ፣ እኔ ባለታክሲ ነኝ እንጂ ፖስተኛ አይደለሁም። ምን እንደተባባላችሁ አላውቅም፣ አልጠየቅኩም። ግን ሰውየው ደብዳቤሽን አንብቦ ዕቃውን ፓክ እያደረገ ነው። ከነመኪናዬ ለእሁድ ጠዋት ሪዘርቭ አድርጎኛል፤ እኔን! የቤቱን ልጅ! ደውዪለትና ተነጋገሩ።»

«የምነጋገረው የለኝም።»

«ኩራት ደግ ነው። ግን ልክ አለው» ብሎ ኮፍያውን አጠለቀና ወጣ።

ደብዳቤው በእርሳስ ነው የተጻፈው፦

«ለወይዘሮ ስንዱ፣
ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አይሰቀል ካሉ አይሰቀልም። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ያየሁትን ነው የቀረጽኩት፤ ከጭረቶቹ አንዷንም አልጸጸትባትም። መልኩ ከከበደዎት፣ እኔ ሌላ ዓይን የለኝም። ለአልበከርኪዎቹ እሺ ብያቸዋለሁ። እሁድ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ የምመጣው ለተጠራው ሰው ክብር ነው። ብዙነህ።»

አንዷንም አልጸጸትባትም! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊቴን ለአራት ቆርጦ አልጸጸትም የሚል ሰው እንዴት እንደዚያ አድርጎ ሊያየኝ ቻለ? የእነዚያ እሁዶች ዓይን ውሸት ከነበረ፣ እውነት የሆነ ዓይን የት ይገኛል? ደንበኛ እየጠበቀኝ ነበር። በሩን ቆልፌ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ከፈትኩ።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በአሥር ሰዓት፣ ሳንታ ፌ መንገድ ያለችው ጋለሪ ሞልታ ነበር። ሐበሻው በአንድ በኩል ጁሱን ይዟል፣ ፈረንጁ በሌላ በኩል ወይኑን። ነጭ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ ቀለበቶቼን በሙሉ አድርጌ፣ ለሁሉም ሰው ፈገግ እያልኩ ነው። የማስመሰል ኤግዚቢሽን ቢኖር አንደኛ የምወጣ እኔ ነበርኩ።

ብዙነህ ጥግ ቆሟል። ያለችውን አንዷን ኮት ለብሷል። ስገባ አየኝ፣ አየሁት፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ዞርን።

ሊዲ ክርኔን ጎተተችኝ። «ማም፣ ያንቺ የታለ? ዌር ኢዝ ዩር ፌስ?»

የጠቆመችው መሐለኛው ግድግዳ ላይ ነው። ሁለት ባዶ ምስማሮች አሉ። ከሥራቸው ግን ትንሿ የስም ወረቀት እንደተለጠፈች ቀርታለች፦ «ስንዱ። የእንጨት ቅርጽ ኅትመት። 1/1።»

ባዶ ግድግዳ ከነስሜ! ሰው ሁሉ እያለፈ ያነባል፣ ቀና ብሎ ምስማሮቹን ያያል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። ደሜ ፈላ። ቀጥ ብዬ ወደ ጥጉ ሄድኩ።

«ወረቀቷን ለምን አላነሳሃትም?»

«ምስሉ እንዳይሰቀል አሉኝ እንጂ ስምዎ እንዳይጻፍ አላሉኝም።»

«አንቱ ስትለኝ ደስ ይልሃል?»

«የሚታገዝ ሰው አጋዡን አንቱ ነው የሚለው።»

ጥፊ ቢመታኝ ይሻል ነበር። ዓይኔ ሊሞላ ሲል፣ እሱ ፊት ላለማልቀስ ብቻ፣ የመጣልኝን ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ይሄስ ቁጥር ምንድን ነው? የሌሎቹ ሦስት በሃያ፣ ሰባት በሃያ ይላል። የኔ ለምን አንድ በአንድ ሆነ?»

«ከሌሎቹ ሃያ ሃያ ቅጂ ነው የማትመው፣ ገና አልጨረስኳቸውም። ይሄ አንድ ብቻ ነው ያለው።»

«ለምን?»

«ሰሌዳውን ስለሰረዝኩት።»

«ሰረዝኩት ማለት ምን ማለት ነው?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «በመፈልፈያ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስቀለኛ አድርጎ መቁረጥ። እትሙ ሲያልቅ ሰሌዳው ይሰረዛል፣ ከዚያ በኋላ እኔም ብሆን ማንም ሁለተኛ ሊያትመው አይችልም። የሙያው ሕግ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ኅትመት ሲገዙ የነገረዎት የለም?»

የነገረኝ የለም። አሥር ዓመት ሥዕል ስገዛ ማን ሠራው እላለሁ፣ የት ልስቀለው እላለሁ፤ እንዴት ተሠራ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። የሰዓሊዎች እናት!

«ፊቴን የቆረጥከው ለዚያ ነው?» ጠጋ ብዬ ደገምኩት። «ብዙነህ፣ ፊቴን የቆረጥከው ለዚያ ነው?»

«ምን መስሎሽ ነበር?» አለ። ከዚያ ቆመ። ዓይኖቹ ቀስ ብለው ተከፈቱ። «ቆይ። ሐሙስ ዕለት ያየሽው ምንድን ነው?»

«ሰሌዳውን።»

«ምስሉንስ?»

«ምስሉን የት አየሁት?»

«ጌታ ሆይ» አለና ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ምድር ቤቱ እርጥበት ስላለው ወረቀቱን ረቡዕ ዕለት እዚህ አምጥቼ ነው ያሰጣሁት። እኔ እኮ ምስሉን አይተሽ አስጠላሁ ያልሽ መስሎኝ ነው። ቆንጆ አላደረገኝም ብለሽ የተቆጣሽ!»

«እኔ ደግሞ አልጸጸትም ስትለኝ ...»

«ጭረቶቹን! የቀረጽኳቸውን ጭረቶች!»

ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ በሌላው ደብዳቤ ውስጥ ያልተጻፈውን አንብበን ሁለት ቀን ሞተናል። ልስቅ ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። አንድ ነገር ገና ቀርቶኝ ነበር።

«መቼ ነው የሰረዝከው?»

«ረቡዕ።»

«ከእሁዱ በኋላ? እንደዚያ ካልኩ በኋላ?»

«ከእሁዱ በኋላ» አለ። «በጣም ተናድጄ ነበር ያተምኩት። ወረቀቱን ሳነሳው ግን አንቺ ነበርሽ። ሃያ አትሜ በየሰው ሳሎን ልበትንሽ አልቻልኩም። አንዷ ትበቃለች፣ እሷም የስንዱ ትሁን ብዬ ሰሌዳውን ቆረጥኩት። ስቆርጠው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ምን እንደተሰማኝ በትክክል ልንገራችሁ። አፈርኩ፣ ወዲያው ደግሞ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

*

ብዙነህ ምስሉን ከጋለሪው ጓዳ ይዞት ወጣ። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ መስታወት አልገባለትም፣ በሁለት ቀጭን እንጨት መሐል የተያዘ ወረቀት ነው። ወደ እኔ አዞረው።

ቆንጆ አይደለሁም። አንዱ ዓይኔ ሰፊ ነው፣ በር ሲንኳኳ የሰማ ሰው ዓይን። ሌላው ግማሹን ተከድኗል። አፌ ተቆልፏል፣ ከንፈሬ ላይ ያሉት ጭረቶች ለስድስት ዓመት ያልተናገርኩትን ሁሉ ይዘዋል። ነጥቧ ደግሞ በመስታወት ሁልጊዜ የማያት ቦታ ላይ ናት፤ ኅትመት ሲገለበጥ እንደዚያ እንደሚሆን አላወቅኩም ነበር። ለካ ሰው የሚያየኝን ሳይሆን እኔ ራሴን የማየውን ፊት ነው ያወጣው። እጆቼ ከፊቴ ይበልጣሉ። ያለ ቀለበት፣ ያበጡ፣ የተሰነጣጠቁ፣ ደረቴ ላይ ተቆላልፈው። ስለ እጄ አንድ ቀን ነግሬው አላውቅም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ጋሼ ውድነህ ከኋላዬ ቆሟል። ከእሱ ኋላ የቸርች ሽማግሌዎቹ፣ ከእነሱ ኋላ ግማሹ አዳራሽ።

«ይሄ እህቴ ናት? እህቴን ነው እንዲህ ያደረግካት?» ፊቱ ጠቁሯል። «አንተ ሰውዬ፣ እንደ ሰው ቆጥራ ብታስጠጋህ ጭራቅ አድርገህ ትሰቅላታለህ? ይሄ ስድብ ነው! ለአባታችን ስም ስድብ ነው!»

ብዙነህ ወረቀቱን እንደያዘ እኔን አየኝ። ዓይኑ ልመና አልነበረበትም። ከእንግዲህ የእኔ ጉዳይ እንደሆነ ብቻ ነበር የሚናገረው።

ጋሼም ወደ እኔ ዞረ። «ስንዱ፣ ዛሬ እውነቱን ንገሪኝ። ለመሆኑ ይሄ ሰው ምንሽ ነው?»

ያው ጥያቄ ነው። ያ የእሁዱ ቧንቧ እንደገና ሲቆም የሰማሁ መሰለኝ። የሰባት ሰው ዓይን ያሸነፈኝ ሴት የመቶ ሃምሳ ሰው ዓይን ፊት ቆሜያለሁ። ዝም ካልኩ ነገ ጠዋት የከሊል ታክሲ ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ እኔም ለሁለት ሰው በሚበዛው ቤቴ እቀራለሁ።

ቀለበቶቼን አንድ በአንድ አውልቄ ለሊዲ ሰጠኋት። ከዚያ እጄን ከምስሉ አጠገብ ዘረጋሁ።

«ጋሼ፣ ያን እሁድ ማዕድህ ላይ ዋሽቻለሁ። ብዙነህ የማግዘው ሰው አይደለም። የምወደው ሰው ነው።»

«ስንዱ! እዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

«የካድኩትም ሰው ፊት ነው።»

የጋሼ ዓይን ከእኔ ወደ ምስሉ፣ ከምስሉ ወደ ተዘረጋው እጄ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ካፒቶል ሂል አንድ ክፍል ተጋርተን በምንኖርበት ዘመን፣ በቀን ሁለት ቤት ሽማግሌ አጥቤ፣ ወለል በበረኪና ፈትጌ ስመለስ፣ እጄን ቫዝሊን የሚቀባልኝ እሱ ነበር። ያን ዘመን ሁለታችንም ረስተነው ነበር፣ ወይም የረሳነው አስመስለን ነበር።

«እጇ ...» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «እጇስ ልክ እንደዚህ ነበር።»

አልመረቀንም፣ አልረገመንም። ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ጥግ ሄደና ለረጅም ጊዜ በመስኮት ውጭውን ሲያይ ቆየ። ያም ቢሆን አልወጣም፤ ከጋሼ ይሄ ብዙ ነው።

ሊዲ ቀለበቶቼን ጨብጣ «ኦ ማይ ጋድ፣ ማም» አለች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም።

ከሊል ሰው እየገፋ መጣ። «ይቅርታ፣ ማቋረጥ አልፈለግኩም» አለ፣ የመኪና ቁልፉን እያሽከረከረ። «ግን ግማሹ ዕቃ የመኪናዬ ትራንክ ውስጥ ነው ያለው። ላውርደው ወይስ ይቆይ?»

ብዙነህ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ።

«አውርደው» አልኩት።

ብዙነህ ያኔ ሳቀ። ከዚያ በፊት ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ለካ ግራ ጉንጩ ላይ ስርጉድ አለችው። ያን ሁሉ እሁድ የታየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔ እሱን ገና አላየሁትም። ብዙ የቀረኝ ነገር እንዳለ አውቄ ደስ አለኝ።

ምስሉን ከእጁ ተቀብዬ እኔው ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ምስማሮቹ ከፍ ብለው ስለተመቱ ለመስቀል ተንጠራራሁ፤ ወረቀቱ ደረቴ ላይ ተለጠፈ፣ ያልደረቀው ቀለምም ነጩ ቀሚሴ ላይ አረፈ። ብዙነህ «ቀሚስሽ!» ብሎ ጮኸ። ዝቅ ብዬ አየሁት፤ ሁለት የተቆላለፉ ጥቁር እጆች፣ ልክ ልቤ ላይ። የመክፈቻ ንግግሬን እንደዚያው ለብሼው አደረግኩ።

ቀሚሱ ዛሬም ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል። ላውንደሪ የሚሠራ ባል ይዤ አንድም ቀን አጥበው ብዬው አላውቅም።